የሐምሌው ማዳበሪያ ከየካቲቱ ለምን ከበደ

ባሕር ዳር ውስጥ ከየቤቱ ደጃፍ የሚነሣውን ቆሻሻ፣ ከማድ ቤት እስከ መጣያው ሜዳ ድረስ በቁጥር ለመከተል ከተነሣሁ ዓመት አልፎኛል። ስጀምር ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የነዋሪውን ብዛት አንድ ሰው በቀን በሚጥለው ኪሎ አባዝቼ፣ ውጤቱን ለጋሪ፣ ለገንዳና ለመኪና አከፋፍዬ፣ በመጨረሻ ማቃጠል፣ ማብላላት ወይም መቅበር የትኛው እንደሚያዋጣ አነጻጽራለሁ ብዬ ነበር። በኤክሴል ገጽ ላይ ሣጥኖችን በቀስት አገናኘሁ፤ በእያንዳንዱ ቀስት ላይም በዓመት የሚያልፈውን ቶን ጻፍሁ። ስሕተቱ «በዓመት» በሚለው ቃል ውስጥ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የነዋሪው ቁጥር የራሱ ችግር አለበት። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የከተማዋን ዕድገት የምናውቀው በትንበያ ነው። ስለዚህ በቦታው አንድ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አስቀምጬ አልፌዋለሁ፤ ያስቸገረኝ የሰዉ ብዛት ሳይሆን ቆሻሻው የሚወጣበት ማዳበሪያ ክብደት ነውና።

ባለፈው ሐምሌ፣ ሽምብጥ ውስጥ ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስቡ የማኅበር አባላት ጋር ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አብሬ ዞርሁ። ከገበያ የገዛኋትን ተንጠልጣይ ሚዛን በየግቢው በር ብረት ላይ እሰቅልና፣ ማዳበሪያው ጋሪ ላይ ከመጫኑ በፊት ኪሎውን እመዘግባለሁ። በሁለተኛው ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር፤ አንዱን ማዳበሪያ ሳነሣው ከሥሩ ቡና የመሰለ ውሃ እየተንጠባጠበ ጫማዬን አራሰው። ከአባላቱ በዕድሜ የሚበልጡት እናት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ ቆመው ሲመለከቱኝ ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምትመዝነው ቆሻሻውን ነው ወይስ ዝናቡን?» አሉኝ። «ሁለቱንም ነው፣ እናቴ» ስላቸው፣ «እንግዲያው ዝናቡን ለይተህ ጻፈው፤ እኛን የሚገድለን እሱ ነው» ብለው ጋሪያቸውን መግፋት ጀመሩ።

ያንኑ ማዳበሪያ አስፈቅጄ ወደ ቤቴ ወሰድሁና በረንዳ ላይ ባነጠፍሁት ሸራ ዘርግፌ ለየሁት። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ የከሰል አመድ፣ በጭቃ የተለወሰ የግቢ ጥራጊ፣ ብዛት ያለው ፌስታልና አንድ የሕፃን ነጠላ ጫማ ወጣበት። የሃይላንድ ጠርሙስ አንድም አልነበረበትም፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ። እያንዳንዱን ክምር ለብቻ መዝኜ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ዘርግቼ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ጠበቅሁ፤ ከማዳበሪያው ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው ውሃ ነበር። (በቅንፍ ለማለት ያህል፣ የቋንቋችን ነገር ይገርመኛል፦ የቆሻሻ መያዣውን «ማዳበሪያ» ያልነው የአፈር ማዳበሪያ ይመጣበት ስለነበረ ነው፤ ከውስጡ ያለው ልጣጭ ደግሞ በአግባቡ ቢብላላ ማዳበሪያ ይሆናል። ስሙ ከይዘቱ ቀድሞ ደርሷል።)

ውሃው ለብቻው ሲጻፍ የሞዴሉ፣ ማለትም የዚያ የቀስትና የሣጥን ስሌት፣ መልስ ሁሉ ይቀየራል። 100 ኪሎ የክረምት ቆሻሻ እንውሰድና 60 ኪሎው ውሃ፣ 15 ኪሎው አመድና አፈር፣ ቀሪው 25 ኪሎ ሊነድ የሚችል ደረቅ ነገር ነው እንበል። ደረቁ በኪሎ ወደ 18 ሜጋጁል ሙቀት ቢሰጥ በድምሩ 450 ሜጋጁል ይሆናል። ነገር ግን ውሃው ካልተነነ ምንም አይነድም፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ደግሞ ወደ 2.45 ሜጋጁል ስለሚያስፈልግ፣ 60ው ኪሎ ብቻውን 147 ሜጋጁል ይበላል። የሚተርፈው በኪሎ ቆሻሻ 3 ሜጋጁል ገደማ ነው። ያው ቆሻሻ በየካቲት ውሃው ወደ 45 ኪሎ ቢወርድና ደረቁ ወደ 40 ቢወጣ፣ ስሌቱ 6.1 ይሰጣል። ለማቃጠያ ፋብሪካ የሚመከረው ዝቅተኛ ወሰን ደግሞ በየትኛውም ወቅት ከ6 እንዳይወርድ፣ የዓመቱ አማካይም ቢያንስ 7 እንዲሆን ነው። እንግዲህ የየካቲቱ ቆሻሻ በጭንቅ እየነደደ፣ የሐምሌው በነዳጅ ካልታገዘ በስተቀር የማይነድ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ረጲ ላይ የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ብዙዎቻችንን «ለእኛስ?» አሰኝቶን ነበር። እኔም ሞዴሌን ስጀምር በልቤ የነበረው እሱ ነበር፤ አሁን ይህን አማራጭ ከሠንጠረዡ አላወጣሁትም፣ ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ትይዩ ቀይ ቀለም ቀብቼበታለሁ።

ወቅቱ የሚለውጠው ምድጃውን ብቻ አይደለም፤ ጋሪውንም ነው። በበጋ የጫት ገረባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ካርቶንና ፌስታል ስለሚበዛ ጋሪው የሚሞላው በስፋት ነው፤ ገና ሳይከብድ አፉ ይዘጋል። በክረምት ግን ገና ግማሹ ሳይሞላ፣ በተለይ ኮብልስቶን ባልደረሰበት መንደር ውስጥ፣ ለመግፋት ይከብዳል። አንድ ሜትር ኩብ የሚይዝ ጋሪ በሜትር ኩብ 200 ኪሎ በሚመዝን ቆሻሻ ሲሞላ ሁለት ሰው ይገፋዋል፤ በ400 ኪሎ ሲሞላ ግን ጭቃው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ምልልስ አቅም በሞዴሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ ከስፋቱና ከክብደቱ ቀድሞ የሚያልቀው ነው አቅሙ። ይህን ካስተካከልሁ በኋላ የክረምቱ የምልልስ ቁጥር ከበጋው በልጦ ወጣ፤ ቀድሞ የተጠቀምሁበት የዓመት አማካይ ግን ለሁለቱም ወቅት እኩል ጋሪ መድቦ ነበር። ቆሻሻ እየጨፈለቀ የሚጭን ውድ መኪናም በሌላው ዓለም የሚያስገኘውን ጥቅም እዚህ አያስገኝም፤ እዚያ የሚጨፈለቀው ባብዛኛው በእሽግ ውስጥ ያለ አየር ሲሆን፣ የእኛ ቆሻሻ ከመነሻው የታመቀ ነው፤ ቢጨፈለቅ የሚወጣው ውሃ ነው።

ወደ ሃይላንዱ ልመለስ። ለዚህ ዓይነት ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢዝቴክ አንዱ ነው፤ በስዊድን የተሠራው ኦርዌርም በተለይ ለሚበሰብስ ቆሻሻ የታሰበ ነው። ሁለቱም ቁስ ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲያልፍ እየተከተሉ የሚያሰሉ፣ በጥንቃቄ የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ እኔም የቀስትና የሣጥኑን ሐሳብ የወሰድሁት ከእነሱ ነው። ይሁን እንጂ በእነሱ ዘንድ ቆሻሻ የሚጀምረው ከበር ላይ ባለው ዕቃ ነው። በባሕር ዳር ግን ከበር በፊት ብዙ ያልቃል። የጠላው አተላ ለላም፣ ልጣጩ ለበግ፣ ፍርፋሪው ለዶሮ ይሄዳል፤ ሃይላንዱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ከግቢ ገዝቶ ይወስዳል፤ ደህና ካርቶን ለከሰል ማቀጣጠያ ይቀመጣል። በሐይቁ ዳር ዓሣ በሚበለትበት ቦታ ደግሞ የአምባዛና የቆሮሶ ሆድ ዕቃ መሬት ሳይነካ የሚጠብቁት ወፎች ስላሉ፣ ለእነሱም አንድ ቀስት ልሰጣቸው ተገድጃለሁ፤ እስካሁን በትክክል የታረቀልኝ ቀስት እሱ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሁሉ ሳያስገቡ «ፕላስቲክን መልሶ የመጠቀም ፕሮጀክት» ማቀድ፣ ቆራሌው ቀድሞ የወሰደውን ጠርሙስ ከመጣያው ሜዳ ላይ እንደ መፈለግ ነው። በማዳበሪያው ውስጥ የሚቀረው ማንም የማይገዛው ፌስታል ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያው ሞዴሌ ላይ ከቤት የወጣው ከመጣያው ከደረሰው በብዙ በለጠ። ልዩነቱ ስላሳፈረኝ፣ አንድ ሰው በቀን ይጥላል ያልሁትን ኪሎ ቀስ በቀስ እየቀነስሁ ሁለቱን አስታረቅኋቸው። ገጹ ያማረ ሆነ፤ አሠራሩ ግን ሚዛኑን በጣቱ ከሚጫን ነጋዴ አሠራር የሚለይ አልነበረም። የጠፋው ቶን የስሌት ስሕተት አልነበረም፤ ቦታ ያለው ቶን ነበር። ከፊሉ በግቢ ጥግ ይቃጠላል፤ ከፊሉ በባዶ ቦታ ይከመራል፤ ከፊሉ በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተጥሎ በጋውን ሙሉ ይቀመጥና፣ በሰኔ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ በአንድ ቀን ተጠራርጎ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ይወርዳል። በዓመት አማካይ ሲታይ ትንሽ የሚመስለው ይህ ቀስት፣ በወር ሲከፈል ከግንቦት በፊት ባዶ፣ በሰኔ ግን ከሁሉም የወፈረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሰው ሁሉ የከተማውን ቆሻሻ ይወቅሳል። እኔ ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅን እመርጣለሁ፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው አብዛኛው ደለልና ለአረሙ ምግብ የሚሆነው ንጥረ ነገር የሚመጣው ከሰፊው የእርሻ ተፋሰስ ነው። የከተማዋ ድርሻ የሚጎላው በዳርቻው ላይ፣ ቦዩ ከውሃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

መቅበርን በተመለከተ ስሌቱ ያልጠበቅሁትን ነገር አሳየኝ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጥልቀቱ ከ5 ሜትር በታች በሆነ ክፍት ክምር ውስጥ የተጣለ አንድ ቶን የምግብ ትራፊ በድምሩ 20 ኪሎ ያህል ሜቴን የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ ያው ትራፊ በሚገባ በተደለደለና በተሸፈነ መቀበሪያ ውስጥ ቢገባ ግን አየር ስለማያገኝ 50 ኪሎ ያወጣል። ጋዙን የሚሰበስብ ቧንቧ ካልተዘረጋ፣ የተሻለው መቀበሪያ ለአየር ንብረት የባሰ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ይህ ለክፍት ክምር ጥብቅና አይደለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ይህም ማንኛውንም የጋዝ ስሌት ያስረሳል። የመበስበሱን ፍጥነት ስመርጥም ተቸግሬያለሁ። መመሪያው ሞቃታማውን ከለዘብተኛው የሚለየው በ20 ዲግሪ አማካይ ሙቀት ላይ ሲሆን፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ባሕር ዳር በዚያው መስመር ግድም ትወድቃለች። በአንደኛው ወገን የምግብ ትራፊው ግማሽ በ2 ዓመት ገደማ ይበሰብሳል፣ በሌላው በ4። ጠቅላላው ጋዝ አይለወጥም፤ የሚለወጠው መቼ እንደሚወጣ ነው። ሁለቱንም አስልቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው።

ስለዚህ የኔ ሠንጠረዥ የሚያዘነብለው ወደ ማብላላት ነው፤ ውሃው እዚያ ጠላት መሆኑን ያቆማልና። ብስባሽ ለመሥራት ከ50 እስከ 60 ከመቶ እርጥበት የሚፈለግ ሲሆን፣ የሐምሌው ማዳበሪያ ይህን ይዞ ይመጣል፤ የበጋው የደረቀ ቅጠልና ገረባ ተጠብቆ ቢቀመጥ ደግሞ ለክረምቱ ልጣጭ የሚያስፈልገውን ካርቦን ይሰጣል። ያኔ ሁለቱ ወቅቶች ይረዳዳሉ። እንቅፋቱ አመዱ ነው። የከሰል አመድ ሲበዛ ክምሩን አሲድ የራቀው፣ ማለትም እንደ ኖራ ያለ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፣ ሽታውም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። አመድ በሁለተኛ ዕቃ ከተለየ ግን ማዳበሪያው ይቀላል፣ ብስባሹም ይጠራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው የመለየትን ግዴታ በቤተሰብ ላይ ጥሎ ነበር፤ ያ በገዛ እጃችን በቆራሌው በኩል ተፈጽሟል። ከየቤቱ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ በፊት አመዱንና ልጣጩን መለየት ነው።

ሞዴሉ አሁን አንድ ዓምድ መሆኑ ቀርቶ አሥራ ሁለት ዓምድ አለው፤ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምሬዋለሁ። እስካሁን ያልታረቀልኝ የኅዳር ዓምድ ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. የወረደውን የኅዳር በሽታ በማሰብ ሰው ሁሉ ግቢውንና ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን ሲያጥን፣ የሳምንታት ጥራጊ በአንድ ቀን ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ በማግስቱም ጋሪዎቹ ባዶ ከመሆን የተረፉት በአመድ ነው። ከቤት ወደ አየር የሚሄድ ቀስት ጨምሬ ቁጥሩን ክፍት ትቼዋለሁ። ዘንድሮ ኅዳር 13 ቀን ማለዳ፣ ዝናቡም በሌለበት፣ ሚዛኔን ይዤ ሽምብጥ እሄዳለሁ፤ የእኒያ እናት ጋሪ ከመነሣቱ በፊት አመዱን ልመዝን።