መምህሩ ማስረዳት ሲያቅተው ኮርሱን የተወጣሁበት መንገድ

መጀመሪያ የለየሁት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ነው። «አያስተምርም» በሚለው ቅሬታ ሥር ቢያንስ አራት ነገሮች ተደብቀዋል፤ መፍጠን፣ ሳይዘጋጁ መግባት፣ ግልጽ ያልሆነ የነጥብ አሰጣጥና መሐል ላይ ያለውን እርምጃ እየዘለሉ ማስረዳት። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። የእኔ የመጨረሻው ነበር፤ በጣም የሚያስቸግረውም እሱ ይመስለኛል። ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ለእሱ ግልጽ የሆነውን እርምጃ መናገር እንዳለበት ትዝ አይለውም።

ከኮርስ አውትላይኑ ርዕሶቹን አወጣሁና እያንዳንዱን ከመጽሐፉ ምዕራፍ ጋር አዛመድኩ። ከክፍል በፊት 20 ደቂቃ ብቻ፦ ንዑስ ርዕሶቹን፣ ትርጓሜዎቹንና አንድ የተሠራ ምሳሌ አነብባለሁ። ሙሉ ምዕራፍ ልጨርስ ያለ ሰው ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ክፍል ውስጥ የደብተሬን ገጽ ለሁለት ከፍዬ በግራ ሰሌዳው ላይ ያለውን፣ በቀኝ የጠፋብኝን ቦታ እጽፋለሁ። የቀኙን ዓምድ በዚያው ቀን ከሌላ መጽሐፍ ወይም ከተቀረጸ ሌክቸር እሞላለሁ፤ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ የኮርስ ማቴሪያሎቹን በነፃ ይለቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምልክቶችን ሳያስተያይ ነው። አንድ ፊደል በሁለት መጻሕፍት ሁለት ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል፣ የመምህሩን አጻጻፍ ይዤ ሌላውን ወደዚያ እለውጣለሁ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቼ ምሳሌውን ከባዶ እሠራለሁ። እያዩ መከተልና ራስን ችሎ መሥራት በጣም ይራራቃሉ።

ጥያቄ ሲጠየቅ «አልገባኝም» ማለት አይጠቅምም፤ መምህሩ ያንኑ ማብራሪያ ይደግመዋል። «እስከ ሦስተኛው መስመር ገብቶኛል፤ አራተኛው ላይ ምልክቱ የተቀየረው በየትኛው ሕግ ነው?» ሲባል ግን የዘለለው እርምጃ ይወጣል። ሰው ፊት የተተቸ የሚመስለው መምህር ካለ ቢሮው ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ክፍል መቅረት ትልቁ ስህተት ነው። ፈተናውን የሚያወጣው ያው መምህር ነው፤ የሚደጋግመው ምሳሌ ምን ላይ ትኩረት እንዳለው ይጠቁማል። የጥናት ቡድን ደግሞ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ርዕስ ለሌሎቹ ያስረዳል። ሲበዛ ወሬ ይሆናል።

ይህ ሁሉ መምህሩ ክፍል ካልገባ ወይም አውትላይኑን ከተወው አይሠራም። ያኔ መጀመሪያ ለራሱ በትሕትና መንገር፣ ካልተስተካከለ በጽሑፍ ለዲፓርትመንት ኃላፊ ማቅረብ ነው። ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው ቀኑ፣ በአውትላይኑ መሠረት መሰጠት የነበረበት፣ በተግባር የተሰጠውና አንድ ግልጽ ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ ለሁለት ያልተሸፈኑ ምዕራፎች ማካካሻ ክፍለ ጊዜ። «ሰነፍ ነው» የሚል ቃል ከገባበት ውይይቱ ስለ መምህሩ ጠባይ ይሆንና ምዕራፎቹ ይረሳሉ። ብዙ ተማሪዎች ቢፈርሙበት ይበረታል፤ መቅረብ ያለበትም ከሚድ (ከሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) በፊት ነው። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ የመጣ ደብዳቤ የነጥብ ልመና ይመስላል።