ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ወንበር
ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጎንደር ለአስጎብኚነት ከሚዘጋጁ ወጣቶች ጋር እንግሊዝኛ ስንለማመድ፣ ከስም በፊት በሚገቡት ጥቃቅን ቃላት ላይ ብዙ ቆየን። አንደኛው «ዚስ አወር ካስል» አለ፤ «ይህ ቤተ መንግሥታችን» ማለት በአማርኛ ያለ ችግር የሚሄድ በመሆኑ አልፈረድሁበትም። እንግሊዝኛ ግን ለ«ዘ»፣ ለ«ኤ»፣ ለ«ዚስ»ና ለ«አወር» ከስሙ በፊት ያዘጋጀው አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ከተቀመጠ ሌላው ወደ ኋላ ዞሮ «ዚስ ካስል ኦቭ አወርስ» መባል አለበት። «ኦል» (ሁሉም) እና «ቦዝ» (ሁለቱም) ከፊት ይቀድማሉ፣ ቁጥር ደግሞ ይከተላል፤ ይህ ብዙም አላከራከረንም።

ያከራከረን «ዘ ኪንግስ ካስል» (የንጉሡ ቤተ መንግሥት) ነበር፤ ምክንያቱም እዚህ «ዘ» የንጉሡ እንጂ የቤተ መንግሥቱ አይደለም። ስለዚህ በ«ኪንግ» ፋንታ ፋሲለደስ በስማቸው ሲጠሩና የባለቤትነቱ ምልክት «ስ» ሳይቀር «ዘ» ይወድቃል፤ ምልክቱ ቀርቶ ስማቸው ገላጭ ብቻ ሲሆን ግን «ዘ ፋሲለደስ ካስል» ተብሎ ይመለሳል። (እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ ይህ ነው።) በመጨረሻ አንዲት ተማሪ «ሂዝ ኤቭሪ ወርድ» (እያንዳንዱ ቃሉ) የሚለውን አንስታ ወንበሩን ለሁለት አስቀመጠችብን፤ «ኤቭሪ» ከባለቤት አመልካች በኋላ መግባት የተፈቀደለት ለየት ያለ ቃል መሆኑን ተነጋግረን ተለያየን።