ድንጋዩ በመረብ አይወጣም

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው የሳይንሳዊ ጠላቂነት፣ ማለትም ለምርምር ውኃ ውስጥ የመጥለቅ፣ መስፈርት ነው። የአሜሪካ የውኃ ውስጥ ሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ሲሆን፣ ቢያንስ 100 ሰዓት ሥልጠናና በአሠልጣኝ ክትትል 12 ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል። ሰዓቱ አላስፈራኝም።

እስካሁን ጣናን የማውቀው ከጀልባ ላይ ነው። መረብ ይጣላል፣ ዓሣው ይወጣል፣ ይለካል፣ ይመዘናል። ማኬዲያ ታኔንሲስ የሚባለው፣ ከጣና በቀር የትም የማይታወቀው ስፖንጅ (ከቦታው የማይንቀሳቀስ የውኃ እንስሳ) ግን የሚኖረው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነው። እሱን በቦታው ለማየት መግባት የግድ ነው።

ለጀማሪ የሚፈቀደው ጥልቀት 9 ሜትር ገደማ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ቀጥሎ ስለ ከፍታ የሚያወራው ክፍል መጣ። በምን ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት የመጥለቂያ ሰንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ መስተካከል አለባቸው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ከውኃ ሲወጡ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ የጣና 14 ሜትር በሰንጠረዡ ወደ 17 ሜትር ይቆጠራል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ጠልቀው የወጡ ሰዎች ወዲያው አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ይከለከላሉ፤ አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት መቆየት ይመከራል። በመኪና ወደ ከፍታ መውጣትም ያው ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በላይ አይሳሳም፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ላይ ናት። ጠዋት ጠልቄ ከሰዓት እናቴን ልጠይቅ ብል አይሆንም ማለት ነው። ለእሷ ይህን እንዴት እንደማስረዳ እንጃ።

የጣና ውኃ ደለል የበዛበት ነው፤ ታች ሲደርሱ በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው የሚሠራው። እንዲህ ባለ ውኃ ጠላቂው በገመድ ይታሰራል፣ ላይ ያለው ሰው ገመዱን እየያዘ በጉተታ ይነጋገራሉ። ቢልሃርዚያውና ጉማሬው ሳይቆጠር።

ከሁሉ ከባዱ ግን አንድ አጭር ደንብ ሆነብኝ፦ ማንኛውም ጠላቂ ስጋት ከገባው አልጠልቅም የማለት መብት አለው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ጀልባው ተከራይቶ፣ አበሉ ተከፍሎ፣ አማካሪው ቆሞ እየጠበቀ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ አልገባም» የሚል የማስተርስ ተማሪ የት አለ? ይሉኝታ እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ይገድላል። ከ100 ሰዓቱ ላይ ለዚህ የተመደበ ልምምድ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ማመልከቻውን እየሞላሁ ነው። ፈቃዱ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ 12 ጊዜ መጥለቅ ያስፈልጋል፣ ብቻን ደግሞ አይጠለቅም። ነገ የላቦራቶሪ ጓደኛዬን ልጠይቃት ነው፤ ዋና ጥሩ ትችላለች፣ «አልፈልግም» ማለትም ማንንም አትፈራም።