ከሀዋሳ እስከ ሀረና፦ ከተገጠመው ሁሉ የቱ ነው የሰራው?

ሀዋሳ ላይ እሁድ ከሰዓት ፍቅር ሀይቅ አካባቢ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ብታዩ አገሩ ላይ አስፋልት የሚባል ነገር የሌለ ነው የሚመስላችሁ። ስኖርክል (የሞተሩን አየር ከላይ የሚስብ ቱቦ)፣ ሊፍት (ሞላ አስረዝሞ መኪናውን ከፍ ማድረግ)፣ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት ማሽን)፣ ጣራ ላይ በረድፍ የተደረደረ ፓውዛ፣ ኋላ በር ላይ ሁለት ጀሪካን ምናምን። ጠጋ ብላችሁ ጎማውን ስታዩት ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ፀጉር ራሱ ገና አልረገፈም። ከከተማው መውጫ፣ ከጥቁር ውሃ ወዲያ የወጣ አይመስለኝም አብዛኛው።

አንድ ወዳጄ ግን እንደዛ አይደለም፣ እሱ የምሩን ነው። ስሙን ልተወውና ባለ ኮብራው ልበለው። ኮብራ የምንለው ላንድክሩዘር 105 ነው ያለው፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍታ ያለ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው)፣ የማይሞተው ሞተር። በሁለት ኢንች ሊፍት አስደርጎታል፣ 285/75 የጭቃ ጎማ አስሮለታል፣ ስኖርክል፣ ከባድ የፊት ብረት፣ 12 ሺህ ፓውንድ ዊንች፣ ፖርቶመጋላ፣ ፓውዛ፣ ምን ያልገጠመው አለ። የኔ ደግሞ ዲፎርዲ ሃይሉክስ ናት፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ከሚሆነው ኦልቴሬን ጎማ በቀር ምንም የተጨመረባት ነገር የለም። "ባክህ በዚህች ባሌ እንዳትሄድ" ሲለኝ "እንዴ ሰዉ በአይሱዙ ይሄድ የለ እንዴ" አልኩት፣ በዚሁ ክርክር ነው እንግዲህ መስከረም ማለቂያ ላይ የወጣነው። ከሀዋሳ ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ሮቤ፣ ጎባ፣ ከዛ የሳነቴን ሜዳ ተሻግሮ በሀረና ጫካ ወደ ደሎ መና መውረድ። ሀሳቤ ቀላል ነበር፣ እሱ ላይ የተገጠመው እያንዳንዱ ነገር የት ቦታ ስራ ላይ እንደሚውል ማየት።

እስከ ጎባ ድረስ አስፋልት ነው፣ 200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አስፋልት። ሻሸመኔ ላይ ባጃጁና ጋሪው እንደተለመደው ነው፣ ኮፈሌን ስትይዙ ብርዱ ይጀምራል፣ ገብሱ ደርሷል፣ ፈረስ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው በየመንገዱ አለ፣ ደስ ይላል። ባለ ኮብራው ግን ደስታው ላይ አልነበረም። መሪው ይቅበዘበዛል፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ራሱ ሁለት እጁን ይዞ ያርመዋል። ነገሩ ቀላል ነው፣ እንዲህ ዓይነት መኪና ሊፍት ሲደረግ የፊት አክስሉ ትንሽ ይዞርና ካስተር የሚባለው ማዕዘን ይቀንሳል፣ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው ደግሞ በሱ ነው። ማስተካከያ ቡሽ አለው፣ ሞላና ሾኩን የገጠመለት ጋራዥ ግን ቡሹን አላነሳለትም። የጎማው ጩኸት ሌላ ነው፣ ዶዶላ ላይ ቁርስ ስንበላ ጆሮዬ ይጮሃል ይለኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፣ እኔም ከመካኒኮች ጋር ስቀመጥ ነው የገባኝ። ኮብራ ላይ አክስሉ ወጥ ብረት ነው፣ ዲፈረንሻሉ መሀሉ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚ ሞላውን በአምስት ሴንቲ ብታስረዝመው ከፍ የሚለው ቦዲው ብቻ ነው፣ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል እዛው ቦታው ነው ያለው። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። የድሮ ጎማው 275/70 ነበር፣ ከአዲሱ ጋር የዲያሜትር ልዩነቱ አራት ሴንቲ ገደማ ነው፣ ስለዚ ከዲፈረንሻል ስር ያተረፋት ሁለት ሴንቲ ናት። ሁለት ሴንቲ! ለሷ ሲባል ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100 ሲል እሱ 105 እየሄደ ነው፣ ማርሹ ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይረዝማል፣ ናፍታውም ያው ነው። ሊፍት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም፣ ጎማው እንዳይነካካ ቦታ ይሰጣል፣ ገደላ ገደል ላይ አፍንጫህ አይመታም። ግን "ከፍ አለልኝ" የሚለው ሰው ምኑ ከፍ እንዳለ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አዳባን አልፈን ጉም ያዘን፣ ከባድ ጉም። ፓውዛውን ለቀቀው፣ ወዲያው አጠፋው። ጣራ ላይ ያለ ነጭ መብራት ጉም ውስጥ ከፊት ለፊትህ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሰራልህ፣ ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ወደ ዓይንህ ይመለሳላ። ዝቅ ብላ የተገጠመች የጉም መብራት ትሻላለች፣ እሷን ደግሞ የፊት ብረቱን ሲያስገጥም አንስቷታል። በኔ ዝቅተኛ መብራት እየመራሁት ዲንሾ ደረስን። እንደምንም ጉሙ ሲገለጥ ደጋ አጋዘኖቹ መንገድ ዳር ቆመዋል፣ እዛ ቦታ ማንም ሰው ስለ መኪና አያወራም።

ጎባ አደርን። ጠዋት ማደያ ገብተን የሱን ጀሪካኖች እንሙላ ስንል ቀጂው "በጀሪካን አይቻልም" አለን፣ ተከልክሏል። እንግዲህ ጀሪካኑ፣ መያዣ ብረቱ፣ ቁልፉ ሁሉ ባዶውን ሳነቴን ወጣ።

ሳነቴ ላይ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ግን ማንኛውም ደህና መኪና ይወጣዋል፣ ከጎባ ደሎ መና የሚመላለሰው የህዝብ መኪናም እህል ጫኙ አይሱዙም በዚሁ ነው የሚያልፈው። እዛ ላይ ችግሩ አየር ነው። ሜዳው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377፣ የባሌ ተራሮች ጫፍ፣ መኪና እስከላይ ድረስ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር እዛ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከሲሶ በላይ ያጣል፣ ኮብራው በአንደኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው የወጣው፣ የኔዋ ትንሿ 2.5 ቱርቦ ስላላት ቀድማው ወጣች። "ስኖርክሉ አየር አይጨምርም እንዴ?" አለኝ የምሩን። አይጨምርም ወንድሜ፣ ቱቦው አየሩን የሚስብበትን ቦታ ነው ከፍ የሚያደርገው፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ያው የሳነቴ አየር ነው። (ብዙ ሰው ደግሞ የጭስ መውጫ ነው ብሎ ያስባል፣ አንድ ሮቤ ያገኘነው ልጅ "ጭሱን ለምን ወደ ላይ አስወጣችሁት" ብሎናል።) ለአቧራ ግን እውነቱን ለመናገር ይጠቅማል፣ ኮንቮይ ውስጥ ኋላ የምትሄድ ከሆነ ፊልትሩ ቶሎ አይደፈንም።

ቀይ ቀበሮ አየን፣ አይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ ቆማ እኛን ዞር ብላም አላየችንም። የባሌ ተራሮች ፓርክን መስከረም 2016 ላይ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ በርግጥ ይገባዋል። ጅብራው መሀል ቆመን ዳቦ በልተን ወረድን።

ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሀረና መውረጃው ላይ አገሩ በአንዴ ይቀየራል፣ ብርዱ ይቀራል፣ ጫካው ይመጣል፣ ዛፉ ላይ ሽበት አለ፣ መንገዱም እርጥብ ነው። ሪራን አልፈን ወደ ታች ስንወርድ ዝናብ መጣ። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ባለ ኮብራው የሳቀው። ጭነት መኪና የቆፈረው ቦታ ነበር፣ ቀይ ቡኒ ጭቃ፣ እሱ ቀድሞ ገብቶ ጎማው ጭቃውን እየወረወረ፣ እየተፋ፣ ወጣ። እኔ ኋላው ገባሁ፣ መሀል ላይ የጎማዬ ጥርስ በጭቃ ተሞላና ለስላሳ ሆነ፣ ፎር ሎው አስገባሁ፣ አራቱም ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን አይሄድም፣ ሆዷ ተቀመጠ።

"ዊንቹ ይሄው ደረሰለት!" ብሎ ወረደ። ከዛ ሁለታችንም ዊንቹን አየነው። ዊንቹ ያለው ከፊት ነው። ኮብራው ደግሞ ከፊቴ ነው ያለው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። መንገዱ አንድ መኪና የሚያሳልፍ፣ ግራና ቀኝ ቦይ፣ ማዞሪያ የለም። ዊንች እኮ ወደፊት ለሚሄድ፣ ለብቻው ለሚጓዝ፣ ያውም ፊቱ ዛፍ ላለው ሰው ነው የሚሰራው። ሁለት መኪና ከሆናችሁ ገመድ ይበቃል።

ገመድ ነበረኝ፣ የሚለጠጠው ዓይነት፣ ሁለት ሻክልም (ገመድ የሚያያዝበት ብረት)። አንድ ነገር ልበል እዚህ ጋ፣ ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ ገመድ እንዳታስሩ። ኳሷ ተበጥሳ ከወጣች ሰው ትገድላለች፣ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ያለው መጎተቻ ላይ ነው። ከመንደሩ የመጡት ልጆች ሊያግዙን ገመዱ ጎን ቆመው ስለነበር እነሱን ማራቁ ራሱ ስራ ሆነ፣ በቅሎ የያዙ አንድ አባት በኦሮምኛ ሁለት ቃል ሲናገሩ ነው ሁሉም የሸሸው። የመጀመሪያው ጉተታ አልሰራም፣ ኮብራውም መቆፈር ጀመረ። ከዛ የሁለታችንንም ጎማ ማስተንፈስ ጀመርኩ፣ ቫልቩን በቁልፍ ጫፍ ተጭኖ ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ። ጎማው ሲተነፍስ መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፣ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ጥርሱም ስለሚተጣጠፍ ጭቃውን ይለቃል። ልጆቹ ቅርንጫፍ ጎዘጎዙ፣ ቀስ ብሎ ሲስበኝ እኔም በሁለተኛ ማርሽ ሳልረግጥ ለቀቅኩ፣ ወጣች። ብር የማያስወጣው ነገር ይሄ ነው፣ የሚያስፈልገው መልሶ የሚነፋ ትንሽ ኮምፕረሰር ብቻ ነው፣ ከባትሪ ላይ የሚሰካ። የሱ ነገሮች ውስጥ እሷ አልነበረችም፣ ከኔ ወንበር ስር ነው የወጣችው። በዛች ቦታ ግን የጭቃ ጎማው የከፈለበትን እንደሰራለት አልክድም፣ እሱ ባይኖር አይሱዙ እስኪመጣ እዛው ነበርኩ።

ወደ ደሎ መና ስንጠጋ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ አንድ የቡና ማሳ ልናይ ስንሄድ ወንዝ ነበረች፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የምትል፣ መሬቷ ጠጠር። ለስኖርክሉ ብሎ ሳይቆም ገባ፣ ቪዲዮም አስቀረፀኝ፣ ደህና ተሻገረ። እኔ ከወዲህ ማዶ ቡና የምታፈላ ሴት አግኝቼ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልተነሳሁም፣ የሀረና የጫካ ቡና ነው፣ ለዛ ማንም አይቸኩልም። ከዛ ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። ሃይሉክስ ያለ ምንም ጭማሪ የምትችላት ወንዝ ነበረች።

ሀዋሳ ተመልሰን ሁለቱንም መኪና አንድ ጋራዥ አስገባናቸው። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው ሁላችንም። የኮብራውን የፊት ዲፈረንሻል ቡሎን ሲፈቱት የወጣው ዘይት ማኪያቶ ነው። ውሃ ገብቶበታል።

"ስኖርክል አለኝ እኮ ጋሼ!"

"እሱ ለሞተሩ ነዋ የኔ ልጅ። ይሄኛው በየት ይተንፍስ?"

ዲፈረንሻል መተንፈሻ አላት፣ ትንሽዬ ክዳን። ስትሮጥ የቆየች ትኩስ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በአንዴ ስትገባ ውስጧ ያለው አየር ይኮማተርና ወደ ውስጥ ትስባለች፣ መተንፈሻዋ ደክሞ ከሆነ ደግሞ የምትስበው ውሃ ነው። የኔ ዘይት ንፁህ ነበር፣ ቡናው ነው ያዳናት፣ እኔ እስክጠጣ ብረቱ በርዶ ነበር። ስኖርክል የገጠሙለት ሰዎች የመተንፈሻዋን ቱቦ ወደ ላይ ሊያስረዝሙለት ይችሉ ነበር፣ አንድ ሜትር ተኩል የናፍታ ጎማ ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ነው ነገሩ፣ ግን ማንም ሀይቅ ዳር ቆሞ የመተንፈሻ ቱቦ አያይልህም፣ ስለዚ ማንም አይሸጥልህም።

እንዲህ ስል ሁሉም ሰው ይንቀለው እያልኩ አይደለም። በንሳና አርቤጎና ውስጥ ለውስጥ በጭቃ ቡና ሲሰበስብ የሚውል ሰው የጭቃ ጎማ ያስፈልገዋል፣ ደቡብ ኦሞ ለብቻው እንግዳ ይዞ የሚገባ አስጎብኚ ዊንች ቢኖረው ደስ ይለኛል፣ ማታ ከብት መሀል የሚነዳ ደግሞ የፊት ብረት ሲያስገጥም አልፈርድበትም። ግን በመጀመሪያ ደህና ጎማ፣ ገመድና ሻክል፣ አካፋ፣ ኮምፕረሰር፣ ያልደከመ ሾክ። ከዛ ቢያንስ አንድ ክረምት ንዳውና መኪናህ የት ቦታ እንደሚያቅተው ራሱ ይነግርሃል።

ባለ ኮብራው ፓውዛውን ለማውረድ ተስማምቷል፣ ዊንቹን ግን እምቢ አለ፣ "ቆንጆ አድርጎታል" ነው መልሱ፣ ለሱ ደግሞ መልስ የለኝም። ጋሼ ዘይቱን ሁለት ጊዜ አጥበው ቀየሩለት፣ ካስተር ቡሹን አዘዙለት፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ደግሞ በሞተር ክፍሉ በኩል ወደ ላይ ስበው እዛው ስኖርክሉ አጠገብ አሰሩለት። እጅ ዋጋውን ሲጠይቃቸው የቱቦውን አልቆጠሩበትም።