መጣሁ ብዬ ስሄድ

ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ላይ ነው። ጀልባችን ገና ዳር መያዟ ነበር። ያን ቀን የማስጎበኛቸው ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊት መምህርት ነበሩ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ከመውጣታችን በፊት ውሃ ልግዛላቸው ብዬ «አይ አም ካሚንግ» አልኳቸውና ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ውሃውን ይዤ ዞር ስል ሴትዮዋ በዚያ ድንጋያማ መንገድ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እያለከለኩ ደርሰዋል።

«እየመጣሁ ነው እያልክ ትሄዳለህ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ ግራ ገብቷቸው ነው። በጣም አዘንኩ።

ካም የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ተናጋሪው ወይም ሰሚው ወዳለበት ሲኬድ ካም ይባላል። እኛም «ነገ ቤትህ እመጣለሁ» እንላለን፤ እስከዚህ አንድ ነን። የኛ «መጣሁ» ግን መሄዱን ዘሎ መመለሱን ነው የሚናገረው። ገና ያልሆነውን እንደሆነ ይቆጥረዋል፣ ርቦን «ሞትኩ» እንደምንለው። ቃል መግባት ነው። የነሱ ካሚንግ ደግሞ አሁን እግርህ ወዴት እንደሚራመድ ነው የሚናገረው። እየራቅክ ከሆነ «አይል ቢ ራይት ባክ»፣ አሁን እመለሳለሁ፣ ትላለህ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ካም ያለባቸውን ቃላት ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ኢንካም ቃል በቃል ወደ ውስጥ የመጣ ነው። የኛ «ገቢ»ስ? ከገባ ነው። አውትካም ወደ ውጭ የመጣ ነው። የኛ «ውጤት» ከወጣ ነው። ኒውካመር «መጤ» ነው። ዌልካም በጥንቱ እንግሊዝኛ ደስ የሚያሰኝ እንግዳ ማለት ነበር፤ ውስጡ ያለው ካም «የመጣ ሰው» ነው። እኛም እንግዳ ስንቀበል «እንኳን ደህና መጡ» ነው የምንለው። ይህን ሳይ እንቅልፌ ጠፋ። እህቴን ቀስቅሼ አሳየኋት።

ሰው «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ለማለት «አይ ኬም ፍሮም ባሕር ዳር» ሲል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ለትውልድ ካም ነው። ኬም ያለፈው ጊዜ ነው፤ ኬም ካልክ ከየት ተነስተህ እንደመጣህ ነው የሚሰማው።

እነሱን የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው። ካም ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለብዙውም አንድ ነው። እኛ ጋ ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ ይምጡ አለ። «ና» እና «መጣ» ደግሞ በድምፅ እንኳ አይገናኙም። መምህርቷ ስንመለስ ጀልባ ነጂውን «ነይ» ብለው ጠሩት። «አቤት» ብሎ መጣላቸው።

ዛሬ ከእንግዳ ጋር ስሆን «ራይት ባክ» ብዬ ነው የምሄደው። ለጀልባ ነጂው ግን አሁንም «መጣሁ» እለዋለሁ። ከሰዓት ከሆነ ሐይቁን አየት ያደርግና፣ «ቶሎ ና፣ ነፋሱ መጣ» ይለኛል።