ቀን ያለው ወይስ ቀን የሌለው?

ሰኔ 12፣ ሚካኤል። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ጁን 19 ነው። አሜሪካ ውስጥ የባርነት ማብቂያ የሚታሰብበት የጁንቲንዝ በዓል ስለሆነ ሥራ አልገባሁም።

ወደ ሰዓት መደብሩ ስሄድ ዛሬ ሦስተኛዬ ነው። ሻጩ ወጣት አሁን ያውቀኛል። ሳልጠይቀው ሁለቱን ሰዓቶች አውጥቶ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የሚገዛ ሰው ወረፋ ይይዛል። ሁለቱንም ሞላቸውና ሰዓታቸውን አስተካክሎ ሰጠኝ።

ሁለቱም ሮሌክስ ሰብማሪነር ናቸው፣ የጠላቂዎች ሰዓት። ሁለቱም ብረት፣ ሁለቱም ፊታቸው ጥቁር። ስፋታቸው 41 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም እስከ 300 ሜትር ጥልቀት ውሃ አያስገቡም። አንዴ ከሞሉ እጅ ላይ ባይሆኑም 70 ሰዓት ይሠራሉ። ሩቅ የቆመ ሰው ለይቶ አያውቃቸውም። ልዩነቱ አንድ ነው። የአንደኛው ፊት 3 ቁጥር በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቀኑን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው። በላይዋ ቁጥሩን የሚያጎላ ጉብ ያለ መስተዋት ተለጥፏል። ሌላኛው ይህ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ ቀን የሌለው 8,100፣ ቀን ያለው 9,150 ዶላር ነበር። ዛሬ ሁለቱም ጨምረዋል። የትንሽ ጣት ጥፍር ለማታክል መስኮት ከሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ ከትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ለይቼ ያስቀመጥኩት ነው።

ለምን የጠላቂ ሰዓት? እኔ ጠላቂ አይደለሁም። ግን እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራዬ ዋሽንግተን መሀል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። በየጠዋቱ ቁልፋቸውን የሚሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው ላይ ጭረት የሞላበት አሮጌ ሰብማሪነር ነበር፣ ቀን የሌለው። መኪናቸውን ትተው ሲሄዱ ዙሪያውን ያለውን ቀለበት ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ያዞሩታል። አንድ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። ቆመው በትዕግሥት አስረዱኝ።

ጠላቂው ውሃ ውስጥ ሊገባ ሲል ቀለበቱ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያገናኘዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ 20ን ያሳያል። የያዘው አየር ለስንት ደቂቃ እንደሚበቃው ያውቃልና መቼ መውጣት እንዳለበት ያያል። ቀለበቱ የሚዞረው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቢዞር እንኳ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ነው የሚያሳየው፣ ቀንሶ አያሳይም። ስለዚህ ሰውየው ቢሳሳት ቀድሞ ይወጣል እንጂ አይዘገይም። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ሕይወት ያደላል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሰዓቱ ከልቤ አልወጣም።

ሌሎችንም አይቻለሁ። ቱዶር ብላክ ቤይ 58ን ደጋግሜ እጄ ላይ አስሬዋለሁ። ቱዶርንም ያቋቋመው ሮሌክስን ያቋቋመው ሀንስ ቪልስዶርፍ ነው። 39 ሚሊሜትር ስለሆነ ለእኔ ቀጭን እጅ ይመቻል። 200 ሜትር ይችላል፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች ነው። ባለቤቴ "እሱን ያዝና በቀረው ቤታችንን እናድስ" ትላለች። እውነቷን ነው። ሁለት ሌሊት አስቤበት ነበር። ኦሜጋ ሲማስተርም ፊቱ ላይ ያለው የማዕበል ቅርጽ ያምራል። ጎኑ ላይ ያለችው የሂሊየም ጋዝ ማስወጫ ግን ለቀናት በግፊት ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ ባለሙያዎች የታሰበች ናት። እኔ ምን ላደርጋት? በመጨረሻ ባለቤቴ ራሷ "ልብህ እዚያ ከሆነ ዞረህ ዞረህ እዚያው ትመለሳለህ፤ ገንዘቡን ሁለቴ አታውጣ" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ቀን የሌለውን ልይዝ ወስኜ ነበር። ምክንያቴ ብዙ ነው። ፊቱ ንጹህ ነው፣ ግራና ቀኙ እኩል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሰብማሪነር ሲወለድም ቀን አልነበረውም፤ ቀን ያለው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የመጣው። የሽማግሌው ሰዓትም እንደዚያ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን፣ መስኮቷ የምታሳየው ቀን የእኔ አይደለም። ለደሞዝና ለሐኪም ቀጠሮ እጠቀምበታለሁ እንጂ ውስጤ የሚቆጥረው ሌላ ነው።

ዛሬ ሻጩ ቀን ያለውን ሲሰጠኝ መስኮቷ ላይ 19 ይላል። ሳላስበው "ገብርኤል" አልኩ። ወዲያው ደግሞ "አይ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው" ብዬ ራሴን አረምኩ። እዚያው ቆሜ አባባ ትዝ አሉኝ።

አባባ ሴይኮ ፋይቭ የሚባል ሰዓት ነበራቸው። ቀን የሚያሳይ ነው፣ ግን እሳቸው የሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነበር። ሰዓቱም በእኛው፣ ቀኑም በእኛው። ሰዓቱ ቀኑን የሚቀይረው ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገናኙ ስለሆነ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲሆን አስተካክለውት ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ አልጋቸው ላይ ወጥቼ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲሻገር አያለሁ። ጎህ ሲቀድ 11 ሄዶ 12 ይመጣል። "ሚካኤል ገባ" ይሉኛል። 21 ሲሆን ማርያም፣ 27 ሲሆን መድኃኔዓለም። ቁጥር የተማርኩት ከደብተር በፊት በዚያ ሰዓት ላይ ነው።

ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ስለሆነ ከ30 በኋላ 31 ይላል። የእኛ ወር 30 ብቻ ነው። ስለዚህ አባባ በየወሩ በልደታ ጠዋት መሙያውን ሳብ አድርገው 31ን ወደ 1 ያሻግሩታል። ከጳጉሜ 5 በኋላ ደግሞ ለመስከረም 1 ብዙ ያዞራሉ። ዛሬ መደብሩ ውስጥ በጣቴ ቆጠርኩት። በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ሰዓት በዓመት 5 ጊዜ ይታረማል። በእኛ 13 ጊዜ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ጣጣ ነው። እኔን ግን ደስ አለኝ፤ 13 ጊዜ አባቴን የማስታውስበት ሥራ ነው።

ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝን ላስከትል። የሰዓቱን ቆጣሪዎች እንደ አባባ በእኛ ልሞላ አልችልም። ሥራዬ ሆስፒታል ነው፣ በዚህ አገር ሰዓት ነው የምሮጠው። ግን አስቡት፤ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን ደብረ ብርሃን በሰመር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ በዊንተር ደግሞ 2 ሰዓት። ስለዚህ ቁጥሯ እኔ ጨለማ ውስጥ ተኝቼ ስትሻገር እዚያ ነግቶ ፀሐይ ወጥቷል። ምንም ሳልነካው ቀኑ የሚቀየረው በአባባ ጠዋት ነው።

ቀለበቱም እንደዚሁ። በሰመር የደብረ ብርሃን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ ከእኔ ሰዓት ፊት የሚቀድመው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቀለበቱን 10 ጊዜ ቀጭ ሳደርገው ሦስት ማዕዘኑ 11 ላይ አረፈ። ሰዓት ቆጣሪው 2 ላይ ነበር፣ ትይዩው ያለው የቀለበቱ ምልክት ግን የ3 ቦታ ሆነ። ከምሽቱ 3 ሰዓት። አባባ እራታቸውን በልተው ሊተኙ ነው። ለባሕር የተሠራ ነገር አባቴ ነቅተው እንደሆነ ነገረኝ። ሻጩ ዝም ብሎ ያየኛል። ላስረዳው ሞከርኩ። 13 ወር ስለው ሳቀና "በእውነት?" አለኝ።

ስሜን ቀን ባለው ወረፋ ላይ አስመዘገብኩ። ንጹሑን ፊት ስመልስለት ግን እጄ ዘገየ። ያ ሰዓት ከሁሉም ያምራል፣ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው።

ከመኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ።

"አባባ፣ እንኳን አደረስዎት።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። እዚያም ሚካኤል ነው?"

ነገርኳቸው። ዋጋውን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ስለ መስኮቷ ብዙ ጠየቁኝ። መስተዋቱ ቁጥሩን ያጎላል ስላቸው ደስ አላቸው፤ የእሳቸው ዓይን አሁን ሴይኮውን አያነብም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ስማኝማ፣ ጳጉሜ ላይ አትቸኩል። በዘመነ ሉቃስ 6 ናት። 5ን አይተህ ወደ መስከረም እንዳታዞረው።"