ሁሌ 120 በ80

ነርስ ነኝ። የደም ግፊት ታካሚዎቼን ለዓመታት የተከታተልኩት በካርድና በቀጠሮ ነው። ቀጠሮ የሚቀሩት ግን እየበዙ መጡ። ልጆች ለሥራ ርቀው ሄደዋል፤ አዛውንቱን ደግፎ የሚያመጣ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2030 ከ6 ሰዎች አንዱ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ቤታቸው ለክተው በስልክ እንዲልኩልን ወሰንን።

አጀማመሬ የጥድፊያ ነበር። መለኪያውን ሰጠሁ፣ አፑን ጫንኩ፣ አሥር ደቂቃ አስረድቼ ሸኘሁ። ቁጥሩ ሲጎርፍ ደስ አለኝ። የአንዲት እናት ግን ጠዋትም ማታም 120 በ80 ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ! የማንም ግፊት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ቤታቸው ሄድን። መለኪያው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

«እማማ፣ አይለኩም እንዴ?»

«አንድ ቀን 160 አለኝ። ወንዱ ልጄ ስልኩ ላይ ያየዋል ብለሽኝ የለ? በሰው አገር ሆኖ ምን ሊያደርግልኝ? ጥሩው 120 በ80 ነው ያልሽኝን ጻፍኩለት።»

አፈርኩ። ልጃቸውን አፑ ላይ ያስገባሁት እሳቸውን ሳልጠይቅ ነው። ለበጎ መስሎኝ።

እስቲ ይለኩ አልኳቸው። የመለኪያውን የክንድ መጠቅለያ ሹራባቸው ላይ ጠመጠሙት፤ እየለኩ ያወሩኛል። ለክንዳቸውም ጠባብ ነበር፤ ጠባብ ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ሰፊ ቀየርንላቸው። 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ባዶ ክንዳቸውን በልብ ትክክል አድርገው ዝም ብለው ለኩ። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ አስለካን፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተን የቀረውን አማካይ ወሰድን። ቤት ውስጥ ከፍተኛ የሚባለው ከ135 በ85 ጀምሮ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ግን ከ140 በ90። የእሳቸው ከዚያም አልፏል። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለላቸው።

አንድ ባልደረባዬ በራሱ የሚልክ መለኪያ እንግዛ፣ ማንም አይዋሽም አለ። አልተስማማሁም። ያ ውሸት ባይኖር የእናትየውን ጭንቀት በምን አውቅ ነበር? አሁን ቁጥሩን ማን እንዲያይ እንደሚፈልጉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በሳምንት አንዴም እደውላለሁ።

ሌላም ጉድ ነበረብን። ዓርብ ማታ የተላከ ከፍተኛ ቁጥር እስከ ሰኞ ሳይነበብ ቆየ። ደግነቱ ሰውየው ደህና ነበሩ። ለካ መቀበያ እንጂ ተረኛ አንባቢ አላዘጋጀንም! አሁን በየቀኑ የሚያነብ ተረኛ አለ። ታካሚዎቹም 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ አፑን ትተው ወደ ድንገተኛ እንዲሮጡ ነግረናቸዋል።

እማማ ዛሬ ጠዋት ደወሉ። «142 ነው። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»